ከሰል፣ እንጨት ወይስ መብራት? የጓዳችንን ሂሳብ እናስላ

(በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በተደረገው የማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ በአምቦ ከተማ፣ በአባላችንና በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስደምርና ስቀንስ እውላለሁ። ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴን ጓዳ ሂሳብ ሳልሠራ መኖሬን ዛሬ በፊታችሁ ብናገር አላፍርም። ብዙዎቻችሁም እንደ እኔ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። እንግሊዝ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደውላ ስናወራ፣ "ሰሞኑን የመብራትና የቤት ማሞቂያ ድርጅቴን ቀየርኩ፤ ሌላው በርካሽ ያቀርባል" አለችኝ። እዚያ የሚሸጡት ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ሰው ዋጋቸውን አስተያይቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። እኔም ሳቅሁና "እኛ ዘንድ መብራት የሚሸጥልን አንድ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ነው፤ ምን እንቀይራለን?" አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። እውነት እኛ ምርጫ የለንም? ከሰል ከአንዷ፣ እንጨት ከሌላዋ፣ መብራት ከመንግሥት እንገዛለን። ለካ እኛም ሦስት አቅራቢ አለን፤ አስተያይተናቸው ግን አናውቅም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ገዛሁ። ቤታችን አራት ሰው ነን። በመስከረም ወር እንደ ልማዴ በከሰልና በእንጨት ሠራሁ፣ ያወጣሁትን በየቀኑ ጻፍኩ። በጥቅምት ወር ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድና ስቶቭ ተጠቀምኩ። አሁን የማነብላችሁ ከዚያ ደብተር ነው። የእናንተ ዋጋ ከእኔ ሊለይ ይችላል፤ መንገዱን ያዙልኝ።

በመስከረም ከሰል በየቀኑ ከመንደር በ50 ብር እገዛ ነበር። በ30 ቀን 1,500 ብር ሆነ። እንጀራ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በወሩ ዘጠኝ ጊዜ ጋገርኩ፤ ለአንዱ ጋገራ የ120 ብር እንጨት ስለሚሄድ 1,080 ብር። ሲደመር 2,580 ብር። ደብተሩን ሳይ ደነገጥኩ። 50 ብር ከኪስ ስትወጣ አትሰማም፤ ወሩ ሲያልቅ ግን የቤት ኪራይ ታክላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከሰሉን በጆንያ ብገዛው 800 ብር ነበር፣ ሃያ ቀንም ያደርሰኝ ነበር። በቀን 40 ብር ማለት ነው። በችርቻሮ ስለገዛሁ ብቻ በወር 300 ብር ተጨማሪ ከፍያለሁ። ለምን? 800 ብር አንድ ጊዜ በእጄ ስለማይገኝ። ደሃ የሚበዛበት ገንዘብ ያጣው ስለሆነ ነው፤ ገንዘብ ያጣ ሰው በጥቂት በጥቂት፣ በውድ ይገዛል። የእኛ ማኅበር የተቋቋመው ይህን ለመስበር መሰለኝ።

አሁን ወደ መብራቱ። መብራት የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው። ቃሉ አያስፈራችሁ። እንጨት በሸክም፣ ከሰል በጆንያ እንደሚለካ ሁሉ መብራትም መስፈሪያ አለው። አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ከሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በላ ይባላል። የዋቱ መጠን ብዙ ጊዜ ከዕቃው ላይ ይጻፋል፤ ስትገዙ አንብቡት።

የእኔ ምጣድ 3,500 ዋት ነው። ለአንድ ጋገራ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስድብኛል፤ ስለዚህ 5 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል የማይሞላ ይበላል። ዘጠኝ ጊዜ ስጋግር ወደ 47 ገደማ። ስቶቩ 1,500 ዋት ነው፤ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 90። ሁለቱ ሲደመሩ 137 ኪሎዋት ሰዓት።

ዋጋውስ? እንደምታውቁት ታሪፉ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተሻሽሎ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እየጨመረ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ርካሽ ነው ብዬ ነገ እንዳላሳስታችሁ፣ ሆን ብዬ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ6 ብር አሰብኩት። 137 በ6 ሲባዛ 822 ብር ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀንና ለቡና ብዬ ግማሽ ጆንያ ከሰል አስቀመጥኩ፤ 400 ብር። ድምሩ 1,222 ብር። ከመስከረሙ ግማሽ አልሞላም። በወር 1,358 ብር ቀረልኝ ማለት ነው።

"ታዲያ ምን ትጠብቂ ነበር?" ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ከዚህ በፊት ያልኩት ነው፦ አንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ። ምጣዱ፣ ስቶቩ፣ ወፍራም ሽቦው፣ ብሬከሩና የባለሙያው ድካም በጠቅላላ 9,500 ብር ወሰደብኝ። በወር 1,358 ብር እያተረፍኩ በሰባት ወር ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ የልጆቼ ነው። ሽቦው ላይ ግን አትሰስቱ። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ምጣድ መሰካት ቤት ማቃጠል ነው።

ሁለተኛው ችግር ቆጣሪው ነው። ብዙዎቻችን ተከራዮች ነን፣ በአንድ ግቢ አራትና አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። እኔ ቀድሞ በነበርኩበት ግቢ "ምጣድ የሚሰካ ይውጣ" ተብለን ነበር። ያኔ በአከራዩ ተቀይሜ ነበር፤ ሂሳቡን ስሠራው ግን ከየት እንደመጣ ገባኝ። የመብራት ታሪፍ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር የአንዱ ዋጋም የሚጨምር ነው። ታሪፉ በ2017 ከመሻሻሉ በፊት፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ሲከፍል፣ ከ500 በላይ የደረሰ ግን 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር፤ ዘጠኝ እጥፍ ነው። አራት ቤተሰብ እያንዳንዱ 130 ቢጠቀም በአንድ ቆጣሪ ላይ 520 ይሆናል። ማንም ሳያባክን ሁሉም ከላይኛው እርከን ላይ ይወጣል። ገንዘቡ እየጨመረ ሲሄድ ማን ስንት እንደበላ ስለማይታወቅ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል፣ አከራይም ይከለክላል። መፍትሔው መጣላት አይደለም። ለየቤቱ መለኪያ የሚሆን ትንሽ ቆጣሪ በጋራ ገዝቶ ማስገባትና እንደ አጠቃቀም መካፈል፣ የሚቻለውም የራሱን ቆጣሪ እንዲያስገባ አከራዩን ማግባባት ነው።

መብራት ያልገባላቸው የገጠር አባሎቻችንስ? ለእነርሱ ምርጥ ምድጃ አለ። ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራ፣ እሳቱን ከምጣዱ ሥር የሚሰበስብ ነው። በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እሳት ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። የእኔ የ1,080 ብር እንጨት እስከ 540 ሊወርድ ይችል ነበር ማለት ነው። ለከሰልም ላቀች የተባለችው ምድጃ አለች፤ ውስጧ ሸክላ ስለሆነ ሙቀቱን ይዛ ትቆያለች። እነዚህ ምድጃዎች አገር ውስጥ መሠራት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ግን ስንቶቻችን ቤት አሉ?

አሁን ሂሳቡን ትቼ በብር የማይተመን ነገር ልናገር። ለመናገር ይከብደኛል።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ ልጄ የስምንት ወር ሕፃን ነበረች። የአምቦን የታኅሣሥ ሌሊት ታውቁታላችሁ። የራት ወጥ የሠራሁበትን ከሰል፣ ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ሲሆን፣ ክፍሉን እንዲያሞቅልን ብዬ አስገባሁት። በሩን ዘጋሁ፣ የበሩንም ሥር በጨርቅ ደፈንኩ። ሌሊት ራሴን እየፈለጠኝ ነቃሁ፣ ልነሳ ብል ጉልበቴ ከዳኝ። ልጄ ጎኔ ተኝታለች፣ ብነካት አትነቃም። እየዳህኩ በሩን ከፍቼ ጮህኩ፤ ጎረቤቶቼ ደረሱ። ውጪ አየር ላይ ስናወጣት ከብዙ ቆይታ በኋላ አለቀሰች። ከዚያ ለቅሶ የሚጣፍጥ ድምፅ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ያ መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። አይታይም፣ አይሸትም። ፍሙ ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል እንጂ በጣም አደገኛው እርሱ ነው። ዕጣን ብትጨምሩበት ሽታው ይለወጣል፣ መርዙ ግን እዚያው ነው። አመድ ብታለብሱትም ያው ነው። እባካችሁ ከሰል ይዛችሁ አትተኙ። ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ጋቢ ደርቡ፣ ልጆቹን አንድ ላይ አስተኙ። የኢንጂባራን፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቁም እንዲሁ ይላሉ።

ጭሱም ቀስ እያለ የሚገድል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ገደማ ሞቷል። ከእነዚህ ውስጥ እንደ እኛ ጉልቻ አጠገብ የሚውሉ እናቶችና በጀርባቸው ያሉ ልጆች ይገኙበታል።

አንድ ነገር ደብቄ ብሄድ ትክክል አይሆንም። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ለአንዲት ታላቅ እህታችን አነበብኩላት። እርሷ በቅዳሜ ገበያ ከሰል ትቸረችራለች፤ በዚያ ሦስት ልጅ አስተምራለች። ዝም ብላ ሰማችኝና "ልጄ፣ ሁላችሁም ወደ መብራት ከሄዳችሁ እኔን ማን ይገዛኛል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሂሳቤ ውስጥ እርሷን አላስገባኋትም ነበር።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ስናወራ እርሷም የሚያሳስባት ነገር እንዳለ ነገረችኝ፦ ከሰሉ የሚመጣበት መንገድ በየዓመቱ እየራቀ፣ ዋጋውም እየጨመረ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት በባህላዊው መንገድ ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይነዳል። የጊንጪው የጭሊሞ ደንና የጅባት ደን የማያልቁ አይደሉም። "እኔ እንጀራ ጋግሬ ብሸጥ እመርጣለሁ፤ ግን ምጣዱን በምን እገዛለሁ?" አለች። መልሱን የሰጠችኝ እርሷው ናት።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ለአንድ ወር የጓዳ ደብተር እንያዝ። መጻፍ የማትችል በልጇ እጅ ታስጽፍ። በታኅሣሥ ስብሰባ አምጡልኝ፣ እኔ እደምርላችኋለሁ።

ሁለተኛ፣ ከቁጠባችን የምጣድ ብድር እንክፈት። በወር ከሚተርፈው ገንዘብ ላይ እየተከፈለ በአስር ወር የሚያልቅ ይሁን፤ ሂሳቡ ሰባት ወር ቢልም ሰው ይታመማል፣ ዓመት በዓል ይመጣል። የመጀመሪያው ዕድል ከሰልና እንጨት ሸጠው ለሚያድሩ እህቶቻችን ይሰጥ፣ እንጀራ መሸጥ እንዲጀምሩ። ለደጋፊዎቻችንም የምለው ይህ ነው፦ ምድጃ ገዝታችሁ ከምታድሉን ይህን የብድር ገንዘብ አጠንክሩልን። የተሰጠ ምድጃ አንድ ቤት ይገባል፤ የሚመለስ ብድር ግን ከቤት ቤት ይዞራል።

ሦስተኛ፣ በአንድ ምጣድ ተራ እየገባን እንጋግር። ምጣድ እስኪግል ድረስም መብራት ይበላል። ሦስት ሴቶች ተከታትለው ቢጋግሩ ማጋያው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ደግሞም ጨዋታው አለ፣ ቡናው አለ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ብዙዎቻችሁ ለዚያ ግድብ ከደሞዛችሁና ከጉሊት ገቢያችሁ ቦንድ ገዝታችኋል። ግድቡ አለ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብም ፊንጫ አለ። ያ ኃይል እኛ ጓዳ ካልደረሰ ግን ለእኛ ሩቅ ነው። ከግድቡ እስከ አምቦ ያለውን መንገድ ሌሎች ይሠራሉ። ከምሰሶው እስከ ምጣዱ ያለችው አጭር መንገድ ግን የእኛ ናት፤ በሰባት ወር ሂሳብ ትሻገራለች።

 ደብተራችሁን እንዳትረሱ።