የታመመችው እንቁራሪትና የአንድ ልጅ ዱዓ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! የዛሬው ርዕሳችን ከወትሮው ለየት ያለ ነው። አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። እኛም ደብዳቤው እንደደረሰን ፈገግ ብለን ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስናነበው ግን ነገሩ የሚሳቅበት አልሆነም። ሦስተኛ ጊዜ ስናነበው ደግሞ ጥያቄው ለጸሐፊዋ ብቻ ሳይሆን ልጅ ለሚያሳድግ፣ እንስሳ ለሚያረባ ሁሉ መሆኑን ተረዳን።

ደብዳቤው የመጣው ከደጀን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዘ ሰው ደጀንን ያውቃታል። የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲጨርስ ቀዝቃዛውን የደጋ አየር የሚተነፍስባት ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ያቁራል፤ ቦዩም ይሞላል፤ ማታ ማታ የእንቁራሪቱ ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል።

ደብዳቤውን የጻፉልን የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ሁለተኛው ልጃቸው ስምንት ዓመቱ ነው። ሐምሌ ላይ ከቤታቸው ጀርባ ካለው ቦይ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ያዘ። አፉ ሰፋ ተደርጎ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ አኖራት። ዝንብ እየያዘ ያበላታል። ከቁርኣን ቤት ሲመለስ ከምሳው በፊት የሚጠይቀው እሷን ነው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ እንቁራሪቷ መብላት አቆመች። ቀን ቀን ከድንጋዩ ስር ትደበቅ የነበረችው አሁን ሜዳ ላይ ፈዝዛ ትውላለች። ቆዳዋ ይላጣል፤ ሆዷና ጭኗ ስር ቀልቷል። አባት «ውሰድና ጣላት» አሉ። አንዲት ጎረቤት «ጨው ነስንሱባት፣ ይሻላታል» አሉ። ልጁ ግን ከዒሻእ በኋላ ከጀሪካኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ እጁን ዘርግቶ ሲያጉተመትም እናቱ አዩት። ወዲያው ዞር ብሎ «እማዬ፣ ለእንቁራሪት ዱዓ ይደረጋል?» አላቸው። እናት መልስ አጡና ወደ እኛ ጻፉ።

ጥያቄያቸው ሦስት ነው። እንዲህ ያለ እንስሳ ቤት ውስጥ ማኖር ይፈቀዳል ወይ? ስትታመም ምን ይደረግላታል? ለልጁስ ምን እንመልስለት? በአላህ ፈቃድ በየተራ እንመልከታቸው።

እንስሳን ስለ ማኖር

በሱረቱል አንዓም በምድር ላይ የሚሄደው እንስሳና በክንፉ የሚበረው ወፍ ሁሉ እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን አላህ ይነግረናል። እንቁራሪትማ በቁርኣን በስሟ ተጠቅሳለች፤ በሱረቱል አዕራፍ በፊርዓውን ሰዎች ላይ ከተላኩት ተአምራት አንዷ ነበረች። በሐዲስም ተነስታለች። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሐኪም እንቁራሪትን ለመድኃኒት ስለ ማዋል ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቆ ነበር፤ እሳቸውም እንዳትገደል ከለከሉ። ብዙ ዑለማኦች ከዚህ ተነስተው እንቁራሪትን አይበሉም፣ አይገድሉምም። እንግዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆቻችን በድንጋይ የሚወግሯት እንስሳ በሸሪዓችን ጥበቃ የተደረገላት ናት። ይህን ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል?

ማኖርን በተመለከተ ደግሞ የአቡ ዑመይር ታሪክ አለልን። አቡ ዑመይር የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም ነው። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቤታቸው ሲመጡ ልጁን ያጫውቱት፣ ስለ ወፉም ይጠይቁት ነበር። ዑለማኦች ከዚህ ሐዲስ ልጅ በወፍ ቢጫወት ችግር እንደሌለው ተረድተዋል። ቅድመ ሁኔታው ግን እንስሳው እንዳይሰቃይና ምግቡ እንዳይጓደል ነው። ድመት አስራ፣ ራሷ ሳትመግባት፣ ወጥታም የምድር ነፍሳትን እንዳትበላ ከልክላ የገደለቻት ሴት ስለ ድመቷ መቀጣቷ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የፊቅህ መጻሕፍትም እንስሳ ያለው ሰው ቀለቡን የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ያስተምራሉ። ስለዚህ በጀሪካን ያለች እንቁራሪት በልጁ ዘንድ አማና ናት። ልጁ ትንሽ ነውና አማናው የወላጆቹም ነው።

በሽታዋ ምን ሊሆን ይችላል?

እንቁራሪት እንደኛ ውሃ በአፏ አትጠጣም። በቆዳዋ ትመጠዋለች፤ በተለይ በሆዷ ስርና በጭኖቿ መካከል ባለው ስስ ቆዳ። ከሳንባዋ ሌላ በቆዳዋም ትተነፍሳለች። ሱብሓነላህ! እኛ በአፍ፣ በአፍንጫና በሳንባ የምንሠራውን እሷ በአንድ ቆዳ ትሠራዋለች። ስለዚህ ቆዳዋን የነካ ነገር ሕይወቷን ነካ ማለት ነው። ሳሙና፣ ክሎሪን የበዛበት የቧንቧ ውሃ፣ የተባይ መርዝ ያለበት እጅ፣ እንዲሁም ጎረቤቷ በደግነት የመከሯት ጨው ሁሉ ይጎዷታል። ጨው ሲነሰነስባት ውሃውን ከሰውነቷ መጥጦ ያወጣዋል።

መፍዘዝ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የቆዳ መላጥና መቅላት ከብዙ ምክንያት ይመጣሉ። አንደኛው የቆሸሸ ውሃ ነው። በጠባብ ዕቃ የተቀመጠ ውሃ በቶሎ ይበላሻል፤ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ እግሯና ሆዷ ይቀላል። ሁለተኛው ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ ሳይንቲስቶች ለይተው ካወቁት ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ቆዳዋን ያወፍረዋል፤ በደሟ ውስጥ ያሉት ሶዲየምና ፖታሲየም የሚባሉት ጨዎች ይቀንሳሉ፤ በመጨረሻ ልቧ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ይህ በሽታ በዓለም ዙሪያ 501 የእንቁራሪትና መሰል እንስሳት ዝርያዎችን ቁጥር እንዳመናመነ፣ ከነዚህም 90ዎቹ ጨርሰው ሳይጠፉ እንዳልቀሩ አመልክቷል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ፈንገሱ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዙ የእንቁራሪት ዓይነቶች ላይ በብዛት እንደተገኘ ገልጿል። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይስማማዋል። አገራችን ከ70 በላይ የእንቁራሪትና መሰል እንስሳት ዝርያዎች አሏት፤ ከነዚህም ከሲሶ የሚበልጡት ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። ፈንገሱ ሰውን አያጠቃም።

ምን እናድርግላት?

አንደኛ፣ ብቻዋን ትቀመጥ። ሌላ እንቁራሪት ካለ ይለይ።

ሁለተኛ፣ ውሃዋ በየቀኑ ይለወጥ። የዝናብ ውሃ ጥሩ ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ በሰፊ ዕቃ አንድ ሁለት ቀን ክፍት ሆኖ ይደር። ውሃው ጥልቅ አይሁን፤ የታመመ እንስሳ ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ ሊያቅተው ይችላል። የምትወጣበት ድንጋይ፣ የምትደበቅበት እርጥብ ቅጠል ይኑራት። ዕቃው ከፀሐይና ከምድጃ ይራቅ።

ሦስተኛ፣ እንጀራና ዳቦ አይሰጣት። ምግቧ የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ነው፤ ዝንብ፣ ትል፣ ፌንጣ። ካልበላች አፏን ከፍቶ ማጉረስ ጉዳት ነው።

አራተኛ፣ ያለ ምክንያት አትነካ። መንካት ግድ ከሆነ እጅ በንጹህ ውሃ ይርጠብ። ከነኩ በኋላ ግን እጅ በሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ እንቁራሪት ሰውን የሚያስቀምጥ ተውሳክ ልትሸከም ትችላለች። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ባይነኳት ይመረጣል።

አምስተኛ፣ የሰው መድኃኒት አይሞከርባት። ቤት ውስጥ የተረፈ ቴትራሳይክሊን ለሁሉ በሽታ መድኃኒት አይደለም። በሌላው ዓለም የእንስሳት ሐኪሞች ኢትራኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት እጅግ አቅጥነው በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ይነክሯታል። ይህን የሚወስነው ባለሙያ ብቻ ነው። በወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ካገኛችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ። ስለ እንቁራሪት መጠየቅ አያሳፍርም።

ስድስተኛ፣ የተደፋው ውሃ ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦዩ አይመለስ። ከውሃ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ይደፋ። ጀሪካኑ በበረኪና ታጥቦ፣ ደጋግሞ በንጹህ ውሃ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። አንዷን ስናስታምም መቶውን እንዳንገድል ነው።

ከዳነች ደግሞ የምንመክረው አንድ ነገር ነው፤ ከተወሰደችበት ቦይ ትመለስ። በጉዞ ላይ የነበሩ ሶሓቦች የአንዲት ወፍ ጫጩቶችን ሲወስዱ እናቲቱ መጥታ ክንፏን ታርገበግብ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አይተው በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ እንዲመለሱላትም አዘዙ። እንቁራሪትም የራሷ ሕዝብ አላት።

የልጁ ጥያቄ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። «ለእንቁራሪት ዱዓ ይደረጋል?»

እኛ የምንለው፣ ልጅዎ የለመነው የዓለማት ጌታን ነው፤ እንቁራሪቷም ከዓለማት አንዷ ናት። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው አላህ ምሕረት አድርጎለታል። ሶሓቦች በእንስሳትም አጅር እናገኛለን ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነፍስ ባለው ሁሉ አጅር እንዳለ ነገሯቸው። ልጁ እንቁራሪቷን ሲያስታምም ሰደቃ እየሠራ ነው። አትሳቁበት። አታስቁሙትም።

የአቡ ዑመይርን ታሪክ ያቆምንበት አለ። ወፏ ሞተች። ልጁ አዘነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው ትክዝ ብሎ ሲያዩት ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገሯቸው። የመዲና ጉዳይ ሁሉ በትከሻቸው ላይ ነበር። ግን ከልጁ ጋር ስለ ወፉ አወሩ፤ በወግ ስሙ፣ በአባትነት ስም ጠርተው እንደ ትልቅ ሰው አናገሩት። ኢብኑል ቃስ የተባሉት የሻፊዒይ ዓሊም ከዚህ አጭር ሐዲስ ስልሳ ያህል ትምህርት አውጥተዋል። ለእኛ አንዱ ይበቃናል፤ የልጅ ሐዘን ትንሽ ሐዘን አይደለም።

ይህን ንግግር ከመቅረጻችን በፊት ለእናትየዋ ስልክ ደወልን። እንቁራሪቷ ሞታለች። ውሃዋን ቢለውጡም፣ ከጨው ቢያርቋትም አልተረፈችም። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። «ውሰድና ጣላት» ያሉት አባት ዶማ ይዘው ወጡ። ከጓሮው ባሕር ዛፍ ስር አባትና ልጅ አብረው ቆፍረው ቀበሯት።

እናትየዋ አንድ ነገር ጨመሩልን። ልጁ ከዚያ ሲመለስ በረት አጠገብ ቆመና «አባ፣ የአህያችን ጀርባ ቆስሏል እኮ። እሷስ ታማ የለ?» አለ። አባት ዝም አሉ። አህያዋ ጀርባዋ ከገጠበ ሰንብቷል፤ ግን ጤፉ ገበያ መድረስ ስላለበት በቁስሉ ላይ ስትጫን ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሁለት ሳምንት አልተጫነችም። ጤፉ በጋሪ ተከፍሎበት ሄደ። ለዚህ ቤተሰብ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ውድ አድማጮቻችን! በአንድ አንሷሪ አትክልት ቦታ የነበረ ግመል ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሳቸውም አበሱለት፤ ባለቤቱንም አስጠርተው፣ እያስራበው ከአቅሙ በላይ እያሠራው መሆኑን ግመሉ እንደከሰሰው ነገሩት፤ አላህንም እንዲፈራ መከሩት። የእኛ አህዮች፣ በሬዎችና በቅሎዎችስ ለማን ይክሰሱ? ገጣባ አህያ ያላችሁ ቁስሉ እስኪሽር አሳርፏት። ተፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ጥቂት ጨው በገባበት ውሃ ቁስሉን እጠቡላት፤ ከዝንብ ጠብቋት። እንደገና ስትጭኑም ሸክሙ በአከርካሪዋ ላይ እንዳያርፍ ግራና ቀኝ ወፍራም ድልዳል አድርጉላት።

ለእናትየዋ የምንለው ይህ ነው። ልጅዎ ዱዓዬ አልተሰማም ብሎ ቢጠይቅዎ በረቱን ያሳዩት። የለመነው ለአንዲት እንቁራሪት ነበር፤ አላህ ከዚያ ቤት ለአህያዋ እዝነት አወጣ። ዱዓው የት እንደደረሰ አላህ ያውቃል።

አላህ ልባችንን ለደካማ ሁሉ የሚራራ ያድርግልን። ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።