ለሕያው ተማሪም ዕድር ይኑረን

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከነጋዴዎች ወገን የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ነጋዴዎችም አንድ ነገር በሉ» ብሎ ጥሪ ባደረገልን ጊዜ፣ እኛ ባለሱቆች ካባላጋላ ላይ አንድ ማምሻ ተሰብስበን ምን እንደምንል ተመካከርን። ገሚሶቻችን ስለ ታክስ ይነገር አልን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ ስለ ሱቅ ኪራይ። በመጨረሻ የተስማማነው ግን ስለ ልጆቻችን ትምህርት እንዲነገር ነው። አብዛኞቻችን ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፍን ሰዎች ነንና ስለ ዩኒቨርሲቲ ስናወራ ብትስቁብን አንቀየምም። ይሁን እንጂ ክፍያውን የምንከፍለው እኛ ስለሆንን የመናገር መብቱ ያለን ይመስለናል።

ነገሩ የጀመረው በጎርፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሚያዝያ ሌሊት የጣለው ዝናብ ሱቆቻችን ውስጥ ገባ። ጤፉ ረጠበ፣ በርበሬው ተበላሸ፣ የሽሮው ጆንያ እንዳለ ሊጥ ሆነ። ጠዋት ደርሰን በሩን ስንከፍት የመጀመሪያ ሥራችን መራገም ነበር። ቦዩን ያልጠረገውን ረገምን፣ መንገዱን የሠራውን ረገምን፣ ከላያችን ፎቅ የሚያሠራውን ሰውዬም አልማርነውም። በዚህ መካከል እንጀራ እየጋገረች ለሱቆቻችን የምታቀርበው እህታችን ልጅ፣ ያን ጊዜ የሲኒየር 5 ተማሪ ነበረች፣ ጫማዋን አውልቃ ቦዩ ውስጥ ገባችና በእንጨት እየጎተተች ያወጣችውን መንገዱ ዳር ደረደረችው። ካቬራ ነው። ሁሉም ካቬራ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሹ ደግሞ ግልጽና ሰፊ የሆነው፣ እኛ እንጀራ የምንጠቀልልበት ነበር። ከማን ሱቅ እንደወጣ ለማወቅ ፖሊስ መጥራት አላስፈለገም።

ልጅቷ በዚህ አላበቃችም። በካርቶን ላይ የሰፈራችንን ቁልቁለት ሥላ፣ ውኃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታቆር፣ መጨረሻውም ቪክቶሪያ ሐይቅ መሆኑን አሳየችን። የከተማው የመጠጥ ውኃ የሚቀዳውም ከዚያው ሐይቅ፣ ከጋባ በኩል ነው። እንግዲህ የጣልነውን መልሰን እንጠጣለን ማለት ነው። ሲኒየር 6 ጨርሳ የአካባቢ ሳይንስና አያያዝ ልማር ባለች ጊዜ ግን እኛው አጎቶቿ ነን «ቆሻሻ ለመጥረግ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል ወይ?» ብለን የሳቅነው። እናቷ ነርስነት ነበር የምትፈልገው። ሒሳብ አያያዝ ይሻላል ያልንም ነበርን።

ከዚያ በኋላ እየጠየቅን የተረዳነውን እንንገራችሁ። በዚህ አገር የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ኔማ የሚባለው፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካም ሆነ ትልቅ መንገድ ለመሥራት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይጠየቃል። በአገራችንም እንዲሁ በ1995 ዓ.ም. ስለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ወጥቷል። ያንን ግምገማ የሚሠራው ሰው ከሰማይ አይወርድም፤ የተማረ መሆን አለበት። የናኪቩቦን ረግረግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልፋችሁት ስትሄዱ አፍንጫችሁን ትይዛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ባለሙያዎች ያንን ረግረግ አጥንተው፣ የከተማውን ፍሳሽ በማጣራት ብቻ በዓመት ከ1 ሚሊዮን እስከ 1 ሚሊዮን 750 ሺህ የአሜሪካ ዶላር የሚገመት አገልግሎት ይሰጣል ብለው ጽፈዋል። እኛ ነጋዴዎች ይህን ስንሰማ ነው ጆሯችን የቆመው። ያለ ደመወዝ ይህን ያህል የሚሠራ ሠራተኛ በየትኛው ሱቅ ይገኛል?

ደግሞም የሞት ጉዳይ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። እዚህ ሆነን በስልክ እየተላቀስን «እንዲህ ያለ ነገር የት አገር ይደረጋል?» አልን። ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቆይቶ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እዚሁ ካምፓላ አጠገብ ኪቴዚ ላይ ያው ተደገመ፤ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም ቀን ቅዳሜ ነበር። ኪቴዚ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ የቆሼ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረ ነው። ሁለቱም ቦታ የሞቱት በአብዛኛው እዚያው ሥር የሚኖሩና ከቆሻሻው ላይ እየለቀሙ የሚያድሩ ድሆች ናቸው። የእኛም የሱቆቻችን ቆሻሻ እንደ ከተማው ሁሉ ወደ ኪቴዚ ይሄድ ነበር። ክምር ስንት ሜትር ሲደርስ እንደሚያሰጋ፣ ዝናብ ሲገባው ምን እንደሚሆን፣ በውስጡ ጋዝ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ትምህርት ነው። ይህን የሚማር ልጅ ከድሃ ሰፈር ቢወጣ ደግሞ ለማን እንደሚሠራ አይጠፋውም።

የሚያሳፍር ሙያም አይደለም። የእኛው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፉት፣ የአገራችንን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ለብዙ ዓመታት የመሩ፣ ስለ ገበሬው ዘር መብት በዓለም ፊት ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ2000 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት የተቀበሉ ሰው ነበሩ። የጎረቤታችን የኬንያዋ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። እኚህ ሴት የገጠር ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ሄደው የተማሩት ለኬንያ ተማሪዎች በተዘጋጀ ነጻ የትምህርት ዕድል ነው። ያንን ዕድል በገንዘብ ከደገፉት መካከል ደግሞ ገና ስማቸውን እንኳ የማያውቁ ተራ ሰዎች ይገኙባቸዋል።

ወደ ልጃችን እንመለስ። ውጤቷ ጥሩ ነበር፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። ደስታችን ግን ክፍያው ሲነገረን በረደ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። የኬንያ፣ የታንዛኒያ፣ የሩዋንዳ ልጅ እንደ አገሬው ሲከፍል የእኛ ልጅ፣ ካባላጋላ ተወልዳ ሉጋንዳ ከአማርኛ አስበልጣ እየተናገረች፣ እንደ ውጭ አገር ሰው ተቆጠረች። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የመንግሥት የተማሪዎች ብድርም ለአገሬው ዜጋ ነው። ስለዚህ ሰብሰብ ብለን አዋጣን። ትዝ ይላችኋል፤ እዚሁ አዳራሽ ነበር፣ ክራርም ነበረ፣ ጨረታም ነበረ። አንዲት የዳቦ ቆሎ ሰሐን በስንት እንደተሸጠች ዛሬ ብንናገረው አፍረን እንሸሻለን። ሁለት ሴሚስተር ተከፈለ። በሦስተኛው ሴሚስተር ማንም አልጠየቀም፤ ማንም አላስታወሰም። ልጅቷ ክፍያውን ባለማጠናቀቋ ለፈተና ሳትቀመጥ ቀረች። እናቷ ሁለት ጊዜ ወደ ሱቆቻችን መጥታ፣ ለመናገር አፍራ፣ እንጀራዋን አስረክባ ተመልሳለች። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ጥፋቱ የዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ የእኛ ነው። ለዲግሪ ያዋጣነው ለሠርግ እንደምናዋጣው ነው፤ አንድ ቀን በእልልታ፣ ከዚያ በኋላ ወደየቤታችን። የ3 ዓመት ዲግሪ 6 ሴሚስተር ነው፤ 6 ጊዜ ይመጣል፣ ቀኑም አይዛነፍም። እኛ ደግሞ በየወሩ ማዋጣት የማንችል ሰዎች አይደለንም። ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችን ባረፈ ጊዜ አስከሬኑን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ስንት ቀን ፈጀብን? ሦስት ቀን። ዕድራችን ስላለ ነው፤ መዝገብ ስላለ፣ ዳኛ ስላለ፣ ያልከፈለ ስለሚቀጣ ነው። አንዳንዶቻችን በዚያ ላይ በወር ሁለት ዕቁብ እንጥላለን። ለሞተው ወንድማችን ያደረግነው ተገቢ ነው፤ አሁንም እናደርገዋለን። ለሕያዋ ልጃችን ግን መዝገብ አልነበረንም።

በመሆኑም እኛ ነጋዴዎች ያሰብነውን ለጉባኤው እናቀርባለን። ከዕድሩ ጎን አንድ የትምህርት መዝገብ ይከፈት። መዋጮው በየወሩ ይሁን፤ አቅም የሌለው ትንሽ ይስጥ፣ ግን አያቋርጥ። ገንዘቡ በተማሪው እጅ ሳይሆን በቀጥታ በባንክ ለትምህርት ቤቱ ይግባ፤ የባንኩ ወረቀት መዝገቡ ላይ ይለጠፍ። የክፍያውን ብቻ ሳይሆን የመስክ ልምምዱን ወጪም እናስብ፤ የዚህ ትምህርት ተማሪ ረግረግና ጫካ መውረድ አለበት፣ ቦት ጫማና የትራንስፖርት ገንዘብ ይፈልጋል። ልጃችን በመጀመሪያው ዓመት ለዚህ ገንዘብ አጥታ ከጓደኞቿ ማስታወሻ ገልብጣለች።

ከማዋጣታችን በፊት ግን ርካሹን መንገድ እንፈልግ። ሁሉም ልጅ በአንድ ጊዜ ዲግሪ መጀመር የለበትም። ማሲንዲ አካባቢ ያለው የኒያብዬያ የደን ኮሌጅን በመሰሉ ተቋማት በሰርተፊኬትና በዲፕሎማ ጀምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ በኋላ ወደ ዲግሪ መሻገር ይቻላል። ማኬሬሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው፣ የአካባቢ ሳይንስ ዲግሪን በግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጁ ይሰጣል፤ ከ2013 ጀምሮም የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ለድሃ ቤተሰብ ልጆች የሚሰጠው ዕድል አለ። የስደተኛ ወረቀት ያላቸው ልጆቻችን ዳፊ የሚባለውን የጀርመን መንግሥት የሚደግፈውን ዕድል መጠየቅ ይችላሉ፤ ከ1992 ጀምሮ ያለ ነው። ሥራ እየሠራ በርቀት መማር የሚፈልግ ደግሞ የደቡብ አፍሪካውን ዩኒሳ ይመልከት። አገር ቤት ወንዶ ገነት አለ፤ በ1970 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ አሁን በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ፣ ስንት የደን ባለሙያ ያወጣ።

ሦስት ጥንቃቄዎችን ግን ከተሞክሮ እንንገራችሁ። በመጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ወረቀት ከአገር ቤት ይዞ የመጣ ልጅ በዩኔብ ማስመዘን አለበት፤ ይህን በማመልከቻው የመጨረሻ ሳምንት የጀመረ አንድ ዓመት አቃጠለ። ሁለተኛ፣ ዋጋው ረከሰ ብሎ ከመመዝገብ በፊት ትምህርቱ በከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ ምክር ቤት የታወቀ መሆኑን መጠየቅ ነው። ዕውቅና ከሌለው ርካሽ ዲግሪ የሚወደድ ነገር የለም። ሦስተኛው ቀላል ነው፤ የትኛው የክፍያ መደብ ውስጥ እንደምትገቡ አንዲት ሺሊንግ ሳትከፍሉ በፊት በጽሑፍ ይነገራችሁ። እኛ ሳንጠይቅ ገብተን ነው የተጎዳነው።

ከእኛ በኩል ጀምረናል። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ስምንት ሱቆች እንጀራ በካቬራ በነጻ መስጠት አቁመናል። በራሱ ሰሐን ወይም መሶብ የሚወስድ በነበረው ዋጋ ይገዛል፤ ካቬራ የሚፈልግ 200 ሺሊንግ ይጨምራል፣ እሷም ሳጥን ውስጥ ትገባለች። መጀመሪያ ላይ ደንበኞቻችን ተቆጡ። «ለ200 ሺሊንግ ወርዳችሁ ነው?» ያሉን አሉ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ስማቸውን አንጠራም። አሁን ግን የቦዳ ቦዳ ነጂዎቹ ሳይቀሩ የጨርቅ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ። የተጠራቀመው ገንዘብ የአንድ ሴሚስተርን ክፍያ ግማሽ አልሞላም። ግማሹን ይዘን ግማሹን ልንጠይቃችሁ ነው የቆምነው።

ልጅቷ ዛሬ እዚህ አለች። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከእናቷ ጋር ስትጋግር ቆይታለች። የቀራት 4 ሴሚስተር ነው፤ ምዝገባው በነሐሴ ይጀመራል። ዩኒቨርሲቲውን ጠይቀናል፤ ያቋረጠችበትን ምክንያት ገልጻ ካመለከተች ቦታዋን እንደምታገኝ ተነግሮናል፤ ማመልከቻውም ገብቷል። ከእሷ በኋላ ደግሞ በዚህ ዓመት ሲኒየር 6 የሚጨርሱ ልጆች አሉን፤ ምን መማር እንደሚፈልጉ ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው፤ እንደ በፊቱ አንሳቅባቸው።

መዝገቡ ከምሳ በኋላ በበሩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል። ሁለት ሰዎች ይቀመጡበታል፤ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይቆጥራል። ስማችሁን፣ የወር መዋጮአችሁን፣ ስልካችሁን አስመዝግቡ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ግን ገንዘብ አትስጡ፤ ለእኛም ቢሆን።