የከርሰ ምድር ውሃና የሠፈራችን ጉድጓድ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ገለጻ)



ባለፈው በጋ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ፈረቃውም ሲዘለል፣ ጀሪካን ተሸክመን የት የት እንደዞርን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያን ጊዜ እኛ የኮሚቴው አባላት «የመሬት ውሃ ንጹሕ ነው፤ ከአሮጌው ጉድጓድ ቅዱ» ብለን ነበር። ተሳስተናል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው።

አዲስ አበባ ለብዙ ዘመን የጠጣችው የግድብ ውሃ ነው፤ ቀድሞ የገፈርሳን፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ ደግሞ የለገዳዲን። ግድብ ክረምት ጠባቂ ነው፤ ዝናብ ሲሳሳ ይጎድላል። ከተማው ሲሰፋ ግድቦቹ ብቻቸውን ስላልበቁ በደቡብ በኩል አቃቂ ላይ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ውሃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተጠራቀመ ስለሆነ ፀሐይ አያተነውም፤ አንድ ክረምት ቢከፋም ቶሎ አይደርቅም። ለክፉ ቀን የተቀመጠ እህል ማለት ነው።

ዳሩ ግን ጎተራም ሳይሞሉት ሲዝቁት ያልቃል። ሰርጎ ከሚተካው በላይ ከተሳበ ውሃው እየራቀ ይሄዳል። ደግሞም አቃቂ ከመሐል ከተማው ዝቅ ስለሚል ውሃው ሽቅብ የሚገፋው በፓምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል።

የኛ ጉድጓድስ? እሱ ጥልቅ አይደለም፤ የሽንት ቤቶቻችን ጎረቤት ነው። ከሽንት ቤት የሚሰርገው ናይትሬት በመሐል ከተማው የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ በጥናት ተገኝቷል። አይታይም፣ አይሸትም። «አፍልቼ እጠጣዋለሁ» ማለትም አያዋጣም፤ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያስወጣም። በተለይ ከስድስት ወር በታች ላሉ፣ የዱቄት ወተት በውሃ ለሚበጠበጥላቸው ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ያሳስባል፦

1. ጉድጓዱ አይደፈን፤ ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት እንጠቀምበት። በዚህ የሚተርፈን የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ይቀመጥ።

2. ሳይመረመር ማንም ለመጠጥ አይቅዳ፤ ለሕፃን ደግሞ በፍጹም።

3. አፉ ይከደን፤ በአጠገቡ አዲስ ሽንት ቤት አይቆፈር።

4. ናሙናው ላቦራቶሪ እንዲታይ ለምርመራው ወጪ ሁላችንም እናዋጣ።

ውሃ ሲጠፋ ጉድጓዱ ይደርስልናል፤ እኛም አስቀድመን እንድረስለት።