የምግብ አደጋዎችን በየደረጃቸው ስለ መመደብ
(ለከተማ ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



የአንድ ማዘጋጃ ቤት ገንዘቡም ሠራተኛውም የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ሕዝቡን የሚያሠጉትን የምግብ አደጋዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊከላከል አይችልም። ስለዚህ የትኛው ይቅደም ብሎ መመዘን ግዴታው ነው። በምዘናውም ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ይኸውም ጉዳቱ ምን ያህል ይከብዳል፥ ለስንት ሰው ይደርሳል፥ በእኛስ አቅም ሊከለከል ይቻላልን? የሚለው ነው።

ከ2019 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ምሥራቅ አፍሪካን የወረረው የበረሃ አንበጣ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ የ35,000 ሰዎችን የቀን ምግብ የሚያህል ይበላል። ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ነገር ግን መከላከያው አውሮፕላንና የመንግሥታትን ስምምነት ስለሚጠይቅ፥ የማዘጋጃ ቤት ድርሻ ፈጥኖ ከማስታወቅ አያልፍም።

በእጃችን ያለውን አደጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምንመዝነው በዓይናችን ነው። በሥጋ ላይ ያረፈ ዝንብና በእህል ውስጥ የሚርመሰመስ ነቀዝ ያስቆጣናል። (ዝንብ ይናቅ ማለቴ አይደለም።) ርጥበት ባለው በቆሎ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ግን ለዓይን አይታይም፥ ተቀቅሎም አይጠፋም።

በ2004 በምሥራቅ ኬንያ፥ ይልቁንም በማኩዌኒና በኪቱይ፥ 317 ሰዎች በዚህ መርዝ ጉበታቸው ተጎድቶ ታመሙ፤ ከነርሱም 125ቱ ሞቱ። በዚያው ጊዜ ከ65 ገበያዎች 350 የበቆሎ ናሙናዎች ተወስደው ሲመረመሩ፥ ከመቶው 55ቱ ከተፈቀደው መጠን አልፈው ተገኙ። የተፈቀደው ከአንድ ቢሊዮን እጅ 20 እጅ ሲሆን፥ ከመቶው 7ቱ ከ1,000 እጅ በላይ ነበረባቸው።

የነገሩ ሥር ልብ ሊባል ይገባዋል። ከታመሙት ብዙዎቹ የበሉት ራሳቸው ያመረቱትንና በሚገባ ሳይደርቅ በመኖሪያ ቤታቸው ያከማቹትን በቆሎ ነበር። ጎተራው የጎደለበት ቤተሰብ የሻገተውን አውጥቶ ለመጣል አይደፍርም። ስለዚህ የእህል ማነስ በአንድ መሥሪያ ቤት፥ የእህል መበከል በሌላ መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ ሁለቱ ሳይገናኙ መቅረታቸው በእኔ አስተያየት ትልቅ ጉድለት ነው። ተቆጣጣሪው የተበከለውን ወርሶ ምትክ ካልሰጠ፥ እህሉ በሌሊት ተሸሽጎ ይበላል። የኬንያ መንግሥትም ለተጎዱት ወረዳዎች ምትክ እህል አድሏል።

ርጥበቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ፈጽሞ የደረቀ ጠርሙስ እስከ ሲሶው ድረስ እህል ተጨምሮበት፥ ጥቂት ደረቅ ጨው ይታከልና ተከድኖ በደንብ ይናጥ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከታየ፥ እህሉ ለጎተራ አልደረሰምና እንደ ገና ፀሐይ ላይ፥ በባዶ መሬት ሳይሆን በምንጣፍ ላይ፥ ይሰጣ።