የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ፦ ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር

በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው የበረራ ርቀት የሚለካው በምድር ክብ ገጽ ላይ ሁለቱን በሚያገናኘው አጭሩ መስመር ነው። ተራራው፣ ገደሉና ወንዙ እዚህ ልኬት ውስጥ አይገቡም። የቦታዎቹ ኬክሮስና ኬንትሮስ ከታወቀ ሌላው ስሌት ነው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አብራሪዎች ግን የሚቆጥሩት በኖቲካል ማይል ነው፤ አንዱ 1,852 ሜትር ነው።

ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር በዚህ መስመር 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና በደጀንና በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ያልፋል፤ የሞጣው መንገድ ቢያጥርም 500 ይጠጋል። ለልዩነቱ ዓባይ የራሱ ድርሻ አለው። ጎሐ ጽዮንና ደጀን በአየር የሚራራቁት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ግን ወደ 40 ይጠጋል፤ ጭነት የያዘ መኪናም ዳገቱን እያቃሰተ ነው የሚገፋው። አውሮፕላኑ ሸለቆውን በሁለት ሦስት ደቂቃ ይሻገራል። ከዚያም ቀጥታው መስመር በደብረ ማርቆስና በብቸና መካከል፣ በቁይ ከተማ አካባቢ ሰማይ ያልፋል።

ርቀቱ ለፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ግን የጉዞው ጊዜ አይደለም። በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ለሚበር ኪው 400 አውሮፕላን 333 ኪሎ ሜትር የ33 ደቂቃ መንገድ ነው፤ በፕሮግራሙ የሚያዘው ጊዜ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የአየር መንገድ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት አንሥቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው። መንደርደሪያው ላይ ተራ መጠበቅ፣ ከፍታ መያዝና ለማረፍ መዞር ሁሉ ይታሰባል። በአጭር በረራ ላይ ይህ ጭማሪ የጉዞውን ግማሽ ሊበላ ይችላል።

በረጅም በረራ ላይ ነፋስና ከፍታ ይገባሉ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ርቀቱ ደርሶ መልስ አንድ ነው፣ ጊዜው ግን አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ስለሚያስቸግር ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ መንገድ ላይ ይታረፋል። ሲመለስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስ ያግዛል፣ አውሮፕላኑም ሳያርፍ ይገባል።

ትኬት ላይ የሚጻፉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የየአገሩ ናቸው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ልዩነት ስላለ መነሻን ከመድረሻ በመቀነስ ብቻ የበረራው ርዝመት አይገኝም። በአገር ውስጥ ትኬትም 08:00 የሚለው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ይህን የዘነጋ መንገደኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲደርስ አውሮፕላኑ ሄዷል።

የባሕር ዳሩ በረራ በላይዋ ለሚያልፍባት ለቁይ ተጓዥ ግን ስሌቱ የሚጀምረው ከመኪና ነው። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ 300 ገደማ ስለሆነ ባሕር ዳር ሄዶ መብረር ብዙ አያተርፍም። ግንባታው የተጀመረው የደብረ ማርቆስ ማረፊያ ነው ይህን ስሌት የሚለውጠው፦ ከዚያ እስከ ቦሌ በአየር 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።