አንድ ሲቀነስ
በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ድሮው ካርቱም ትንሽ አጫውቱን» ብሎ ሲጠይቀን፣ በአንድ ሆሽ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አብረን የኖርን ሰዎች ተሰብስበን ምን እናውራ ብለን ተመካከርን። አንዱ ስለ ፖለቲካ ይሁን አለ። ሌላው ፖለቲካ በዓል ያበላሻል አለ። ሦስተኛዋ ስለ ጋሼ እናውራ አለች። ስለ ጋሼ ከተወራ ደግሞ ሒሳብ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ሦስቱንም ይዘን ቀርበናል፤ ጨዋታችን ቢዘበራረቅ ይቅርታችሁን እንለምናለን።

ጋሼን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸው በመድረክ ላይ ሲጠራ አይወዱም ነበርና ዛሬም ልጆቹ በሚጠሯቸው እንጠራቸዋለን። ለማያውቋቸው፣ ጋሼ ጎንደር ውስጥ የሒሳብ መምህር ነበሩ። በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በመተማ በኩል በእግራቸው ወጥተው ገዳሪፍ ገቡ፤ ከገዳሪፍም ካርቱም። ቀን ቀን የአንድ መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ሒሳብ ይይዛሉ። ማታ ማታ የእድራችንን መዝገብ ይጽፋሉ። ዓርብ ከሰዓት፣ ከተማው ሁሉ ሲያርፍ፣ ዴም ሰፈር በነበረው ሆሻችን ከኒሙ ዛፍ ሥር የእኛን ልጆች ሰብስበው ያስተምራሉ። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ቡና ግን እስከ በረካ ድረስ ይጠጣሉ።

እኛ አዋቂዎቹ ከዛፉ ወዲህ ሆነን ፖለቲካ እናወራለን፤ ልጆቹ ከዛፉ ወዲያ ሒሳብ ይማራሉ። በመካከላችን ያለው ጀበናው ብቻ ነው።

አንድ ዓርብ አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ የመጨረሻው ቁጥር ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አንቺ የምታውቂው ትልቁ ቁጥር ስንት ነው?» አሏት።

«እልፍ።»

«እልፍ ላይ አንድ ብንጨምርበትስ?»

ልጅቱ አሰበችና ወደ ሚሊዮን ዘለለች። እሳቸው ሚሊዮኑም ላይ አንድ ጨመሩባት። ቢሊዮንም አለች፤ እዚያም ላይ አንድ ጨመሩ። በመጨረሻ ተናድዳ «እንግዲያ መጨረሻ የለውም ማለት ነዋ!» አለች። ጋሼም «የለውም። ማንኛውም ቁጥር ተከታይ አለው» አሉና የግዕዝን ቁጥር መሬት ላይ ጻፉ። ትልቁ ምልክታችን ፼ ነው፣ ዐሥር ሺህ ማለት ነው። አባቶቻችን ግን ምልክቱ እልፍ ላይ ቢቆም ቁጥሩ እንደማይቆም ያውቁ ስለነበር «እልፍ አእላፋት» ይሉ ነበር፤ «ኅልቆ መሳፍርት የሌለው» ይሉ ነበር ብለው አስረዱ።

ከዛፉ ወዲህ ያለነው ሰዎች ይህን ስንሰማ ጸጥ አልን። ለምን ቢሉ፣ በዚያች ሰዓት የምናወራው «ከርሞ አገራችን እንገባለን» እያልን ነበር። ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልነው ቆጥረን አናውቅም። ኢሕአፓም፣ መኢሶንም፣ ኢዲዩም የነበሩ ሰዎች በአንድ ጀበና ዙሪያ ሲቀመጡ በምንም አይስማሙም፤ በከርሞው ግን ሁሉም ይስማማል። ኒሜሪ መጋቢት 28 ቀን 1977 ዓ.ም. ሲወርዱ አበቃ አልን። በሽር ሰኔ 23 ቀን 1981 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዙ አሁንስ አበቃ አልን። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ከመካከላችን ብዙዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ገቡ፤ እኛ «ልጆቹ ትምህርት ይጨርሱና ከርሞ» አልን። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ1983 ዓ.ም. በፊት ለወጣን ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት ምክንያቱ አብቅቷል ብሎ ውሳኔው ከየካቲት 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጸና፣ ወረቀታችን አለቀ፤ ከርሞው ግን አላለቀም። በሽር ራሳቸው ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲወርዱ የካርቱም ወጣቶች በጎዳናው ሲጨፍሩ አይተን አብረናቸው አጨበጨብን፤ «አበቃ!» ሲሉ ግን እርስ በርሳችን ተያየን። ከዛፉ ወዲያ የተማርነው ትዝ ብሎን ነበር።

ሁለተኛውን ትምህርት ደግሞ እንንገራችሁ። ጋሼ ለልጆቹ ስለ አንድ ሆቴል አወሩላቸው። ሆቴሉን በሐሳብ የፈጠረው ዴቪድ ሂልበርት የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በንግግሩ ያነሣው ምሳሌ ነው። ሆቴሉ ማለቂያ የሌላቸው ክፍሎች አሉት፤ ሁሉም ክፍል ሰው ይዞታል። አንድ እንግዳ በሌሊት ይመጣል። ባለ ሆቴሉ ሞልቷል ብሎ አይመልሰውም። የአንደኛውን ክፍል ሰው ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛውን ወደ አራተኛው ያዛውራል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አንደኛው ክፍል ባዶ ይሆንና እንግዳው ይገባል።

ልጆቹ በሙሉ «ይሄማ የእኛ ቤት ነው!» ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው። የካርቱም ሙቀት ሲበረታ ሁላችንም በሆሹ ውስጥ ዐንገሬብ ደርድረን ነው የምንተኛው። ከገዳሪፍ አንድ ሰው ጥቅሉን ይዞ በሩን ሲያንኳኳ «እስቲ አንድ አንድ ፈቀቅ በሉ» ይባላል። ካርቱም ለእንግዳ አዲስ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንኳ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ካርቱም ገብተው፣ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው እስኪሻገሩ ድረስ የዚችው ከተማ እንግዳ ነበሩ።

ጋሼ ግን «በሆቴሉና በቤታችን መካከል ልዩነት አለ፤ እስከሚመጣው ዓርብ ፈልጋችሁ አምጡ» አሉ። በሳምንቱ አንድ ልጅ እጁን አወጣና እንዲህ አለ፦ «በሆቴሉ ውስጥ የመጨረሻ ሰው የለም። በእኛ ቤት ግን የመጨረሻው ሰው መሬት ላይ ይተኛል።»

ጋሼ ሳቁ። እኛ መሳቅ አልቻልንም፤ ምክንያቱም እንግዳ በመጣ ቁጥር ከበሩ አጠገብ ሰሌን አንጥፎ የሚተኛው ማን እንደሆነ እናውቅ ነበር። ማለቂያ በሌለው ቤት ማንም ሳይጎዳ እንግዳ ይስተናገዳል። እንደ እኛ ባለው ቤት ለእንግዳ ቦታ የሚገኘው አንድ ሰው የራሱን ሲለቅ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት አጭር ነው። «ከዚያ ሆቴል አንድ ሰው ቢወጣስ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ አሁን ጎበዞች ሆነዋል፤ ሁሉም አንድ አንድ ክፍል ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሆቴሉም እንደገና ይሞላል አሉ። «ግማሹ ቢወጣስ?» አሏቸው። እንዲያም ቢሆን የቀሩት ተጠጋግተው ይሞሉታል፤ ማለቂያ ከሌለው ነገር ላይ ግማሹን ብታነሣም የቀረው ማለቂያ የለውምና። ይህን ሲሉ ከዛፉ ወዲህ ቡና ስታፈላ የነበረች፣ ወንድሟ ከቤት እንደወጣ የቀረባት እኅታችን፣ ጀበናውን አስቀምጣ «እንግዲያ እዚያ ሆቴል ለቅሶ የለማ» አለች።

ጋሼ ትንሽ ቆይተው «የለም፣ እትዬ» አሉ። ትምህርቱም በዚያው ተፈታ።

እኛ ስለ ፖለቲካ ብዙ አውርተን ያላገኘነውን ነገር ያች እኅታችን በአንድ አፍ ተናገረችው። የሚገዙንም የሚዋጉብንም ሰዎች ሕዝብን የሚቆጥሩት እንደዚያ ሆቴል ነው። አንድ ቢወጣ፣ ሺህ ቢወጣ፣ ግማሹ ቢወጣ የቀረው ተጠጋግቶ ይሞላል፤ ሕዝብ አያልቅም ብለው ያስባሉ። እድር ግን እንዲህ አይቆጥርም። በእድር መዝገብ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መስመር አለው። አንድ ሲቀነስ ድንኳን ይተከላል።

ጋሼ ስለ ጌኦርግ ካንቶርም አንድ ጊዜ አጫውተውናል። ይህ ሰው ማለቂያ የሌላቸው ነገሮች ሁሉ እኩል እንዳልሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ ከሌላው እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. በ1874 ያስረዳ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ማብቂያ ላይ ንግግር ሊያደርግ ላይፕሲግ ወደሚባል ከተማ በሄደበት ቀን የመጨረሻ ልጁ ሞተበት። ማለቂያ የሌለውን ነገር ከሰው ሁሉ ይበልጥ የመረመረ አባት፣ አንድ ሲጎድልበት የሚሞላበት ሒሳብ አላገኘም።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የእኛ ቀዳም ሥዑር፣ የጎረቤቶቻችን ረመዳን። ዶሮው ታስሯል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል። ተኩሱ በጧት ተጀመረ። በዚያ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልተቻለም፤ ከመስኮት ርቀን፣ በጨለማ ግድግዳ ተደግፈን ፈሰክን። ውኃ ሲቆም ከፆማቸው ላይ ቀንሰው በጄሪካን ያካፈሉን ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ሱዳን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ያስጠጋች አገር ነበረች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከዐሥር ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። እኛ በወጣንበት በመተማ በር ሱዳናውያን ወደ አገራችን ተሰድደው ሲገቡ አየን።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ ተገኘ። ከብዙ ልመናና ከብዙ ገንዘብ በኋላ ለሆሻችን ሰው ሁሉ ቦታ ተያዘ። ሊነሣ ሲል አንዲት የማናውቃት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ሾፌሩ ሞልቷል አለ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ አንድ ፈቀቅ ማለት አይቻልም። ጋሼ ተነሡ። ተቆጣን፣ ለመንናቸው፣ ልብሳቸውን ያዝን። «በሚቀጥለው እመጣለሁ» አሉ። የእድሩን መዝገብም በብብታቸው እንደያዙ ወረዱ።

የሚቀጥለው አውቶቡስ አልመጣም። ጋሼ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ መድኃኒቱ ከከተማው ጠፋ። በሐምሌ ዐረፉ። እኛ የሰማነው ኔትወርክ ሲመለስ፣ ከጎረቤታችን ስልክ፣ ከሳምንታት በኋላ ነው። መቃብር ቦታ መድረስ ስለማይቻል ጎረቤቶቻችን አጥበው፣ ገንዘው፣ እዚያው ሰፈር ባለው ባዶ ቦታ ቀበሯቸው። የስንቱን ለቅሶ የመዘገቡ ሰው ያለ ድንኳን ሄዱ። እኛም አንዱ ጎንደር፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ካይሮ፣ አንዷ ፖርት ሱዳን ሆነን ለየብቻ አለቀስን።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ያ ጎረቤታችን ሰፈሩን ሊያይ ተመልሶ ነበር። የሆሻችን በር ተነቅሏል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከግድግዳው ተመዝዞ ተወስዷል፣ ዐንገሬቦቹ የሉም። መዝገቡንም ፈልጎ አጣው። ኒሙ ግን ቆሟል ብሎናል።

እንግዲህ ዛሬ የመጣንበት ጉዳይ ይኼ ነው። ያ መዝገብ የማኅበራችን ነበር። በውስጡ ካርቱም የኖሩ፣ ካርቱም የወለዱ፣ ካርቱም የተቀበሩ ሰዎች ስም ነበረበት። አሁን በቃል የምናስታውሰውን እየጻፍን ነው፤ ሁለት ደብተር ሞልተናል። ግን ዴምን ብናስታውስ ጅሬፍን፣ ሰሃፋን፣ ኡምዱርማንን፣ በሕሪን ሁሉ አናውቅም። በየመንገዱ ዳር ሻይ ስትሸጥ ኖራ ዘመድ ሳያውቃት የሞተች እኅት ስም ከእናንተ ካልመጣ ከማንም አይመጣም። በዚህ መጽሔት መጨረሻ ላይ ባዶ መስመሮች ትተናል። የምታውቁትን ጻፉበትና መልሱልን። ሙሉ ስም ባታውቁ የምትጠሩበትን ጻፉ፤ «የእገሌ እናት» ብትሉም ይበቃል። ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ።

የጋሼን ስም የት እንጻፍ በሚለው ላይ ትንሽ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ቁጥር አንድ ላይ ይሁን አልን። ሌሎቻችን፣ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቦታ ይወስዱ ነበርና መጨረሻ ላይ ይሁን አልን። ደብተሩን የያዘችልን ያች የመጨረሻውን ቁጥር የጠየቀች ልጅ ናት፤ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። ክርክራችንን ሰምታ ስትጨርስ ስማቸውን በፊደል ተራው፣ ከሌሎቹ መካከል፣ በቦታው ጻፈችው። እሳቸውም ቢሆኑ ይህንኑ ያደርጉ ነበር።

ደብተሩ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስክሪብቶም አለ።