የውሃ ቧንቧ መጋጠሚያና የመሬት መናወጥ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውሃ ቧንቧ ነው። «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉን ይሆናል። ነገር ግን ቧንቧ ሲሰበር እንስራ አዝሎ ወንዝ የሚወርደው ባለሙያው አይደለም፤ በተቅማጥ የሚታመመውም የእናንተው ልጅ ነው።

በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬና በማጀቴ መሬት ተናውጦ ቤቶችን ጣለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ለሳምንታት እየደጋገመ በመንቀጥቀጡ ብዙ ሺህ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። ኢሉባቦር ከስምጥ ሸለቆው ራቅ ያለች ናት፤ ይህ ደግ ነው። ሆኖም በመቱም በጎሬም ተዳፋቱና ዝናቡ ብዙ ነው። የራሰ አፈር ሲንሸራተት ቧንቧን የሚጎዳው በዚያው መንገድ ነው።

ቧንቧ ብዙ ጊዜ የሚለቀው በወገቡ ሳይሆን በመጋጠሚያው ነው። በሲሚንቶ የተያያዘ መጋጠሚያ ግትር ነው፤ መሬት ሲስበው እሺ አይልም። በሐረግ የታሰረውን የእንጨት ቤት አስቡት እስቲ! አብሮ ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይፈርስም። በ1987 ዓ.ም. የጃፓኗ ኮቤ ከተማ ስትናወጥ፣ ወጣ ገባ የሚል ግን ተነቅሎ እንዳይወጣ መቆለፊያ ያለው መጋጠሚያ የተገጠመላቸው ቧንቧዎች ደኅና ሆነው ተገኙ፤ ግትሮቹ ግን በብዙ ቦታ ተሰበሩ። በሙቀት ቀልጦ አፍ ለአፍ የሚጣበቀው ጥቁሩ የፕላስቲክ ቧንቧም፣ በደንብ ከተጣበቀ፣ ይጎብጣል እንጂ እምብዛም አይሰበርም።

እንግዲህ የውሃ ኮሚቴው ቦይ ሲያስቆፍር ሄዳችሁ ጠይቁ። የፕላስቲኩ ቧንቧ ተወጥሮ ሳይሆን እንደ እባብ ለቀቅ ብሎ ይተኛ። የታንከሩን ግንብ በሚያልፍበት ቦታ በላስቲክ ይከበብ እንጂ በሲሚንቶ አይታነቅ። ከሁሉ ይልቅ ከመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ወይም ከሥሩ አይለፍ! ውሃ ሲቋረጥ የተሰነጠቀ መጋጠሚያ በዙሪያው ያለውን እድፍ ወደ ውስጥ ይስባልና።

ከመናወጥ ወይም ከመሬት መንሸራተት በኋላ ውሃው ጥርት ብሎ ቢወርድም አትመኑት። እስኪንተከተክ አፍሉትና ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አቀዝቅዙት፤ ማገዶ ካነሰ ውሃ አጋርን በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ጨምሩበት። ቧንቧው ተጠግኖ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ይፍሰስ፤ መስመሩ ታጥቦ መድኃኒት እስኪገባበት ድረስም ለሕፃናት ያልፈላ ውሃ አትስጡ።